ያውቁ ኖሯል? ለአሳማ ግልገል የእናቱ ወተት ብቻ አይበቃውም

ቃሊቲ ውስጥ አሳማ ለሚያረባ ሰው መኖ ቅርብ ነው፦ ከዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ የኑግ ፋጉሎ። ነገር ግን ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውህድ ዚንክን አስሮ ይይዛል፤ ካልሲየም ሲበዛ ደግሞ የአሳማው ቆዳ ይቀረፋል፣ ይሰነጣጠቃል። ዚንክ እንደሚፈውሰው የታወቀው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው።

ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግልገሎቹ ናቸው። ሲወለዱ ሰውነታቸው ውስጥ ያለው ብረት 50 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በቀን 7 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋቸዋል፤ ከወተቱ የሚያገኙት 1 ብቻ ነው። እናቲቱን ብረት ማብላትም ወተቱን እምብዛም አይለውጠውም። አፈር እየቆፈሩ የሚያድጉት ከአፈሩ ያገኛሉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተወለዱት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት 200 ሚሊ ግራም ብረት በመርፌ ካልተሰጣቸው ደም ማነስ ይይዛቸዋል።