አበቅቴ በስልክ
የካናዳው ፋሲካ ከኛው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ ካልጋሪ ያለ ወገን ከሥራ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ስልኩን ያያል። ለ2018 ዓ.ም ሚያዝያ 4 ይለዋል።

ስሌቱ በባሕረ ሐሳብ ሲሠራ እንዲህ ነው፦ 5500 ሲደመርበት 7518፤ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፤ አንድ ሲነሳለት ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ሲባዛ ደግሞ መጥቅዕ 18።

ኮምፒውተር ይህን ሲሠራ ምልክት ከማገላበጥ በቀር ስለ ጨረቃ የሚያውቀው የለም። እውነቱን ለመናገር፣ በቃሉ የሚወርደው ተማሪም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። 11 ማለት እኮ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት የሚያጥርበት የቀን ብዛት ነው! ልጆቻችን «ፋሲካ ለምን ይዘዋወራል?» ሲሉ መልሱ እዚያ ነው ያለው። ሰንበት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምር ከወንበር በፊት ጨረቃዋን ቢያስቀድም እመርጣለሁ።