የአደይ መሐሉን ያየ አለ?

መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ውስጥ ስልኩን ለፎቶ የማያወጣ የለም። እንጦጦ ዳገት ላይ፣ በየአጥሩ ጥግና በየቦዩ ዳር አደይ ትፈካለች። ፎቶው ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ከፊት ሰው፣ ከኋላ የደበዘዘ ቢጫ። አደይ ራሷ ባለፎቶ ሆና የምትቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እሷን ቀርቦ ለማንሳት ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ሲጠጉት ፎከሱ ይጠፋበታል። በ2021 እ.ኤ.አ. እንደወጣው አይፎን 13 ፕሮ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚቀርቡ ስልኮች አሉ፤ ለሌላውም ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማጉያ ሌንስ ይበቃል። በሁለት ጣት እየለጠጡ ማጉላት ግን መቅረብ አይደለም፤ ምስሉን ማደብዘዝ ነው።

ፎከሱ መሐሏ ላይ ይሁን። ብዙ ሰው አደይን አንድ አበባ አድርጎ ይቆጥራታል፤ እሷ ግን የብዙ አበቦች ማኅበር ናት። ዙሪያውን የተዘረጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት የሚሆኑት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ዘር አያፈሩም፤ ሥራቸው ንብ መጥራት ነው። ዘሩ የሚገኘው መሐል ላይ ከታጨቁት፣ ከክብሪት ራስ ከሚያንሱት አበቦች ነው። እነሱም ሁሉም በአንዴ አይከፈቱም፤ ከዳር ጀምረው ዙር በዙር ወደ መሐል ይዘልቃሉ። አንዷ ስትከፈት መጀመሪያ ከጠቆር ያለ ቱቦዋ ጫፍ ላይ ብናኝ ገፍታ ታወጣለች። ቀጥሎ ብናኙን የገፋው ቀጭን ዘንግ ጫፉ ለሁለት ይከፈልና ከሌላ አበባ የሚመጣ ብናኝ ይቀበላል። በደንብ በተነሳ ፎቶ ላይ ሦስቱም ዕድሜ ይነበባል፦ ዳር ላይ ጫፋቸው የተከፈለው፣ ከነሱ ቀጥሎ ብናኝ የተሸከሙት፣ መሐል ላይ ያልፈነዱት እንቡጦች። እንዲህ ያለ ፎቶ ያዩ የሰፈር ልጆች «ይሄማ አደይ አይደለም!» ብለው ጸሐፊውን ሞግተውታል።

ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጨጎጊት የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኑግም የዚያው ሰፊ ቤተሰብ አባል ነው። አደይ ካለፈች እነሱን ቀርቦ ማየት ይቻላል።

የቀረው ብርሃንና ነፋስ ነው። የቀትር ፀሐይ ቢጫውን ያቃጥለዋል፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጣ ያለ ጥፍጥፍ ብቻ ይቀራል። ማለዳ ይሻላል፤ ነፋሱም ገና አይነሳም። ፀሐይዋ ከበረታች ነጠላ ከላይ መዘርጋት፣ የስልኩንም ብርሃን መቆጣጠሪያ ዝቅ ማድረግ ነው።

ተክልን ቀርቦ ማንሳት አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት በርሊን ውስጥ ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ ይሆኑ ዘንድ እንቡጥና ግንድ አጉልቶ ያነሳ ነበር፤ ፎቶ አንሺነትን አልተማረም፣ ካሜራውንም የሠራው ራሱ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፉ ግን ስሙን አስጠራው። ከመንገድ ዳር የሚለቀሙ ተራ ተክሎች ይበቁት ነበር።

አንድ ወቀሳ አለ። ለፎቶ ብለው አደይን ከነሥሯ ነቅለው፣ ተነሥተው ሲያበቁ አስፋልት ላይ የሚጥሉ ሰዎች በዝተዋል። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት፤ የሚቀጥለው መስከረም አበባ የሚበቅለው ዘንድሮ መሬት ላይ ከሚረግፈው ዘር ነው። እባካችሁ፣ ተንበርክካችሁ ባለችበት አንሷት።