ሥር የሰደደ የጆሮ ጩኸት እና የአንጎል ምስል ጥናት፦ ማስረጃው እስከ የት ይወስዳል?

መግቢያ

ከውጭ ምንም የድምፅ ምንጭ ሳይኖር በጆሮ ወይም በራስ ውስጥ የሚሰማ ፉጨት፣ ጭርታ ወይም ጉምጉምታ በሕክምና ቋንቋ ቲኒተስ ይባላል። ሕመምተኞች «ጆሮዬ ይጮሃል» ሲሉ የሚገልጹት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጃማ ኒውሮሎጂ መጽሔት የታተመ የጥናቶች ድምር ትንታኔ ከአዋቂዎች 14 በመቶ ያህሉ ችግሩ እንደሚያጋጥማቸው፣ 2 በመቶ ያህሉ ደግሞ በከባድ ደረጃ እንደሚሠቃዩበት ገምቷል።

ጉዳዩ ለሀዋሳ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ማምረቻ ማዕከል ናት፤ ረጅም ጊዜ የቆየ የማሽን ድምፅም ከታወቁት የቲኒተስ መንስኤዎች አንዱ ነው። በልጅነት ያልታከመ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ለዓመታት ሲሰጡ የቆዩት እንደ ካናማይሲን ያሉ መርፌዎች የመስማት አካልን ይጎዳሉ። ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኤም.አር.አይ. ብነሣ ይታያል?» ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የምርምሩ ዓለም ያለውን መልስ ያብራራል።

ከጆሮ ወደ አንጎል

ቲኒተስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በውስጠኛው ጆሮ ጉዳት ነው። ሆኖም ለዕጢ ቀዶ ሕክምና ሲባል የመስማት ነርቫቸው የተቆረጠባቸው በርካታ ሰዎች ጩኸቱን መስማታቸውን ይቀጥላሉ። ምንጩ ጆሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከነርቩ መቆረጥ ጋር ይቆም ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚከተለውን መላምት አቀረቡ፦ ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ሲቀንስ በአንጎል ያሉ የመስማት ማዕከላት ጉድለቱን ለማካካስ የራሳቸውን ትብነት ይጨምራሉ፤ በዚህም ከነርቭ ሴሎች በራሱ የሚመነጨው እንቅስቃሴ ጎልቶ እንደ ድምፅ ይሰማል።

ቀዳሚዎቹ ግኝቶች

እ.ኤ.አ. በ1998 ሎክውድና ባልደረቦቹ በፔት ምስል ያጠኑት አፋቸውንና መንጋጋቸውን በማንቀሳቀስ የጩኸቱን ከፍታ መለወጥ የሚችሉ 4 ሕመምተኞችን ነበር። ከውጭ በአንድ ጆሮ የተሰማ ድምፅ በሁለቱም የአንጎል ጎኖች የደም ፍሰት ለውጥ አስከተለ። የቲኒተሱ ከፍታ መለወጥ ግን ጩኸቱ ከሚሰማበት ጆሮ በተቃራኒ ባለው የመስማት ኮርቴክስ ላይ ብቻ ታየ። ይህ ልዩነት የጩኸቱ ምንጭ ከውስጠኛው ጆሮ ባሻገር መሆኑን ጠቆመ። በዚያው ዓመት ሙልኒክልና ባልደረቦቹ የአንጎልን ማግኔታዊ መስክ በመለካት፣ የቲኒተሱ ቃና በኮርቴክሱ የድምፅ ካርታ ላይ ከሚጠበቅበት ቦታ መሸሹን ዘገቡ፤ ሽሽቱ በጨመረ መጠንም ሕመምተኞቹ ጩኸቱን ይበልጥ ብርቱ አድርገው ገለጹት።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሙላውና ባልደረቦቹ 28 ሕመምተኞችን ከ28 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ከስሜት ጋር በተያያዘው የሊምቢክ ሥርዓት አካባቢ የግራጫ ክፍል መጠን ቀንሶ አገኙ። ከዚህ በመነሣት ጤናማ አንጎል አላስፈላጊ ድምፅን የሚያጣራበት መንገድ እንዳለውና ሥር የሰደደ ቲኒተስ የዚህ ማጣሪያ መድከም ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ሞዴል ተቀረጸ። ሞዴሉ ተመሳሳይ የመስማት ጉዳት ካለባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ብቻ ለምን እንደሚሠቃይ ለማስረዳት ይሞክራል።

ግኝቶቹ ለምን ተፋለሱ?

ተከታይ ጥናቶች ሥዕሉን አወሳሰቡት። እ.ኤ.አ. በ2009 በተመሳሳይ የናሙና መጠን የተደረገ ሌላ ጥናት የግራጫ ክፍል መቀነስን ያገኘው በሌሎች ቦታዎች ነበር። በ2012 ላንገርስና ባልደረቦቹ መስማታቸው ለጤነኛ የቀረበ 20 ሕመምተኞችን በተግባራዊ ኤም.አር.አይ. መርምረው፣ የድምፅ ካርታቸው ከጤነኞቹ የተለየ ሆኖ አላገኙትም። ስለዚህ የካርታ መዛባት ለቲኒተስ የግድ አስፈላጊ አይደለም።

ለዚህ መፋለስ ሦስት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው የመስማት ጉዳት ነው። ሕመምተኞች ብዙውን ጊዜ የመስማት ጉድለትም ስላለባቸው፣ በምስሉ የሚታየው ለውጥ ከቲኒተሱ ይሁን ከጉድለቱ ለመለየት ይከብዳል። በተለመደው የመስማት ምርመራ የማይለካው ከ8 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለው ክልልም እንደዚሁ ሊያሳስት ይችላል። ሁለተኛው ለድምፅ ያለ ትዕግሥት ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ቀድሞ ለቲኒተስ ይሰጥ የነበረው በመካከለኛ አንጎልና በታላመስ የሚታይ ከፍተኛ እንቅስቃሴ የተያያዘው ከዚህ ትዕግሥት ማነስ ጋር ነው። ሦስተኛው መሣሪያው ራሱ ነው። ኤም.አር.አይ. በሥራ ላይ ሳለ የሚያሰማው ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ የጸጥታን ድምፅ በጩኸት ውስጥ መለካት ደግሞ የዘርፉ ነባር ፈተና ነው። ተመራማሪዎች በምስል ቀረጻዎች መካከል የጸጥታ ክፍተት በመተው ተጽዕኖውን ይቀንሳሉ።

ለሕክምናና ለአገር ውስጥ ምርምር ያለው ትርጉም

የተጠቀሱት ውጤቶች የቡድን አማካዮች ናቸው፤ በአንድ ግለሰብ ምስል ላይ «ቲኒተሱ ይኸው» ብሎ ማመልከት አይቻልም። በሕክምና የሚታዘዝ ኤም.አር.አይ. ዓላማ ዕጢንና መሰል ችግሮችን መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች መመሪያም ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ካልሆነ፣ ከልብ ምት ጋር ካልመታ፣ የሁለቱ ጆሮዎች መስማት ካልተለያየ ወይም ሌላ የነርቭ ምልክት ከሌለ ምስል እንዳይታዘዝ ይመክራል። ወጪውን ከኪሱ ለሚሸፍን ቤተሰብ ይህ ምክር ትልቅ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል «ምስሉ ንጹሕ ነው» ማለት «ሕመሙ የለም» ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ይህን ልዩነት ለሕመምተኛው ማስረዳት ይገባዋል።

በሀዋሳ ላለ ተመራማሪም መንገዱ የግድ ውድ መሣሪያ በመጠበቅ አይጀምርም። ያለፉት ዓመታት ጥናቶች በዋናነት የተቸገሩት በምስል ጥራት ሳይሆን በተሳታፊዎች አመራረጥ ነው። ቲኒተስና የመስማት ጉድለት ያለባቸውን፣ አንዱ ብቻ ያለባቸውንና ሁለቱም የሌሉባቸውን በአራት ቡድን መለየት፣ መስማትን እስከ ከፍተኛ ድግግሞሽ መለካት፣ 25 ጥያቄዎች ያሉትን የቲኒተስ ጫና መጠይቅ በአማርኛና በሲዳምኛ ተርጉሞ አስተማማኝነቱን መፈተሽ ቀዳሚ ሥራዎች ናቸው። የአንጎልን ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢ.ኢ.ጂ. ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ዋጋውም ከኤም.አር.አይ. እጅግ ያነሰ ነው።

ማጠቃለያ

የአንጎል ምስል ጥናት የጆሮ ጩኸት የሕመምተኛው ምናብ እንዳልሆነና የመስማት፣ የስሜትና የትኩረት መረቦችን እንደሚያካትት አመልክቷል። የትኛው ለውጥ መንስኤ፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ ግን ገና አልለየም። ይህን ለመለየት ሰዎችን ከጉዳቱ በፊት ጀምሮ የሚከታተል ጥናት ያስፈልጋል፤ አዲስ ሠራተኞችን ድምፅ ወዳለበት የሥራ ቦታ ከመግባታቸው በፊት መዝግቦ በየዓመቱ መከታተል ለዚህ አመቺ መነሻ ይሆናል።