በደከመን ቀን በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ውሻን ስለ ማንሸራሸርና ስለ ተነሳሽነት

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግታቸውን አልሸሸጉኝም። "ውሻ ማንሸራሸር ንግግር ያስፈልገዋልን?" ሲሉ ጠይቀውኛል። ስለ ተነሳሽነት፣ ስለ ልማድና ስለ ድካም በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ሁሉ ውሻ ባለበት ቤት በየምሽቱ አንድ ጊዜ ይፈተናል። ፈታኙም በር አጠገብ ቆሞ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ርእሱን የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት በማርምበት ሰሞን ማታ ማታ ወደ ቤቴ የምገባው እጅግ ዝዬ ነበር። ቡቺ የምንለው ውሻችን የበሩን ድምፅ ሲሰማ እየዘለለ ይቀበለኛል፤ እኔም ራሱን ዳበስ አድርጌ "ነገ እንወጣለን" እለውና አልፋለሁ። ነገም እንደ ትናንቱ ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ቡቺ የአጥሩን ሥር መቆፈር፣ ሌሊትም ኮሽ ባለ ቁጥር መጮኽ ጀመረ። ጎረቤት ቅር ተሰኘ፤ እኔም ውሻውን ተቆጣሁት። በመጨረሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሙ መርምረው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ "ለመጨረሻ ጊዜ ከግቢ የወጣው መቼ ነው?" ቀኑን ላስታውሰው አልቻልሁም። ስለ ተነሳሽነት የማስተምር ሰው ነኝ፤ የማስተምረው ትምህርት ለራሴ እንዳልደረሰኝ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ግዴታው ሳይቀርለት መንገዱ የቀረበት እንስሳ

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" እንላለን። አባባሉ ውሻው ለእኛ ያለበትን ግዴታ በሚገባ ይገልጻል፤ እኛ ለእሱ ስላለብን ግዴታ ግን የሚናገረው የለም። ይህ የሆነው አባቶቻችን ጨካኞች ስለ ነበሩ አይደለም። በገጠር ውሻን "ማንሸራሸር" የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር፤ ውሻው ከእረኛው ጋር ወጥቶ ከእረኛው ጋር ይመለሳል፤ ቀኑን ሙሉ ይራመዳል፣ ያሸታል፣ ያርፋል። ወደ ከተማ ስንገባ ግን ግንብ አጠርን፣ የብረት በር ገጠምን፣ ከፊሎቻችንም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገባን። ውሻው የጥበቃ ግዴታው እንዳለ ሆኖ መንገዱ ቀረበት። በአሁኑ ጊዜ መንገዱን ሊመልስለት የሚችለው የቤቱ ሰው ብቻ ነው፤ ውሻ በር ከፍቶ አይወጣምና።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፤ በሩን መክፈት ያለበት ሰው በደከመው ቀን ምን ያድርግ?

ድካም ሲባል የቱ ድካም?

ሁሉን ነገር "ደከመኝ" በሚል አንድ ቃል መጥራታችን ችግር ፈጥሯል። ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ ሰው ደክሞታል፤ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ሲያርም የዋለ ሰውም ደክሞታል። የመጀመሪያው ጡንቻው ዕረፍት ይሻል። የሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአእምሮ መሰልቸትና የአካል መደንዘዝ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ሶፋ አይደለም።

ሮበርት ታየር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በ18 በጎ ፈቃደኞች ላይ አሥር ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድንና አንድ ጣፋጭ ከረሜላ መብላትን አነጻጸሩ። ጣፋጩ ለጊዜው ቢያነቃቃም ከአንድ ሰዓት በኋላ ድካምና ውጥረት አስከተለ። የእግር ጉዞው ግን እስከ ሁለት ሰዓት የሚዘልቅ የብርታት ስሜት ሰጠ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከመጠኑ በላይ አልጫንበትም። ቢሆንም ወንበር ላይ ውሎ የደከመው ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ይነግረናል።

ሁለተኛው ነጥብ "የራስ መግዛት ኃይሌ አልቋል" የሚለው አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቻቸው ራስን መግዛት እንደ ነዳጅ ያልቃል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ብስኩትና ቸኮሌት ፊታቸው ተቀምጦ ራዲሽ ብቻ እንዲበሉ የታዘዙ ተማሪዎች፣ ከዚያ በኋላ በተሰጣቸው መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ላይ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው ነበር። ሐሳቡ በዓለም ተሰራጨ፤ በመማሪያ መጻሕፍትም ገባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በላይ ተሳታፊዎችን ይዘው ግኝቱን በሌላ መልክ ሲፈትሹት ውጤቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆነ። ክርክሩ አልተዘጋም። ሆኖም ማታ በር ላይ ቆመን "ነዳጄ አልቋል" ስንል፣ ሳይንሱ ራሱ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር እንደ ማረጋገጫ እየጠራን መሆናችንን እናስተውል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥብኛል። የደከመ ሰው ስለ ወደፊቱ ስሜቱ የሚሰጠው ትንቢት የተሳሳተ ነው። ኤልዛቤት ኒስቤትና ጆን ዜሌንስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት የካናዳ ጥናት፣ ተማሪዎች ከግቢያቸው አጠገብ ባለ ዛፍና ውኃ ባለበት መንገድ ቢራመዱ ምን ያህል እንደሚደሰቱ አስቀድመው ተጠየቁ። ከተራመዱ በኋላ የተሰማቸው ደስታ ከገመቱት በለጠ። እኔም ይህን በራሴ አይቼዋለሁ፤ ሳልፈልግ ወጥቼ በመውጣቴ የተጸጸትሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሳልወጣ ቀርቼ የተጸጸትሁባቸው ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ "ደስ ሲለኝ እወጣለሁ" የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል፤ ደስታው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከወጡ በኋላ ነውና።

ውሳኔውን ከምሽቱ ሰዓት ማውጣት

እንግዲያው የደከመ ሰው ተነሳሽነት ከየት ያምጣ? የኔ መልስ፣ በዚያ ሰዓት ተነሳሽነትን ጨርሶ አይፈልግ የሚል ነው። ውሳኔው ሰው ባልደከመው ሰዓት፣ አስቀድሞ ይወሰን።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር "ይህን አደርጋለሁ" በሚል ምኞትና "ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ" በሚል ውጥን መካከል ያለውን ልዩነት ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን በአንድነት ሲመረምሩ፣ ሁለተኛው ዓይነት ውጥን ሰዎች ያሰቡትን እንዲፈጽሙ በማድረግ ረገድ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ የሚደርስ ውጤት እንዳለው አገኙ። "ቡቺን በየቀኑ አንሸራሽራለሁ" ምኞት ነው። "ቦርሳዬን ስሰቅል ከዚያው ላይ የውሻውን ማሰሪያ አወርዳለሁ" ውጥን ነው። እኔ ቤት ቦርሳውና ማሰሪያው አሁን የሚሰቀሉት በአንድ ሚስማር ላይ ነው። ሳልቀመጥ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እወጣለሁ። ከተቀመጥሁ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁሉ በሶፋው አሸናፊነት እንደሚያበቃ አውቀዋለሁ።

በእኛ ከተማ ሰዓቱም የራሱ ጠባይ አለው። በለንደን በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ እዚያ ያለ ሠራተኛ ቤቱ ገብቶ፣ አርፎ፣ እራቱን በልቶ በብርሃን ሊወጣ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከመሥሪያ ቤት በ11፡30 የወጣ ሰው ታክሲ ተሰልፎ ቤቱ ሲደርስ ቀኑ ሊመሽ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ እዚህ "ትንሽ ልረፍ" ማለት በተግባር "ዛሬ ይቅር" ማለት ነው። ምሽቱ የማይሆንለት ሰው ጉዞውን ወደ ማለዳ ያዛውረው። በማለዳ ድካሙ ገና አልመጣም፤ መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ የጠዋት ቡናም ከጉዞው በኋላ ቢጠጣ እንደ ሽልማት ይሆናል።

ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል? በ21 ቀን የሚለው አባባል መሠረት የለውም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው በለንደን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። ድርጊቱ ያለ ሐሳብ የሚፈጸም እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን ተገመተ፤ መካከለኛው 66 ቀን ነበር። ከዚሁ ጥናት ሌላ የሚያጽናና ነገር ተገኝቷል፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለው ተረት ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል። ትናንት ስለ ቀረ ዛሬም ይቅር የሚል ሰው ግን እንቁላሉን ራሱ ይሰብረዋል።

አጭር ጉዞም ጉዞ ነው

ብዙዎቻችን የምንቀረው ጉዞውን በአእምሯችን ስለምናገዝፈው ነው። አንድ ሰዓት ካልሆነ ዋጋ የለውም እንላለን። ውሻው ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። ውሻ ዓለምን የሚያነበው በአፍንጫው ነው። ለእኛ ባዶ የሆነ የስልክ እንጨት ለእሱ ማን እንዳለፈ፣ መቼ እንዳለፈ የሚነግር ነው። ሻርሎት ዱራንቶንና አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሁለት ሳምንታት ምግብ በማሽተት የመፈለግ ልምምድ ያደረጉ ውሾች፣ ከባለቤታቸው ጎን ተጣብቆ መራመድን ከተለማመዱት ይልቅ ወደ ብሩህ ግምት ያዘነበሉ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህ ለደከመ ሰው የሚሆን ምክር ማውጣት ይቻላል፤ በደከማችሁ ቀን መንገዱን አሳጥሩ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ማሰሪያውን ላላ አድርጋችሁ ውሻው እንደ ልቡ እንዲያሸት ፍቀዱለት። እናንተ ቆማችሁ ታርፋላችሁ፤ እሱ ይሠራል።

ለእኛም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 22 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ በሳምንት 154 ደቂቃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በካሪ ዌስትጋርዝ መሪነት የታተመ ጥናትም፣ ውሻ ያላቸው ሰዎች የተመከረውን የእንቅስቃሴ መጠን የማሟላት ዕድላቸው ከሌላቸው በአራት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ተማሪዎቼ ወዲያው እንደምትጠይቁት፣ መራመድ የሚወዱ ሰዎች ውሻ ያሳድጉ ይሆናል እንጂ ውሻው አላራመዳቸው ይሆናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መውጣት የማይገባበት ቀንም አለ። የታመመ ሰው ይተኛ፤ ከባድ የክረምት ዝናብና መብረቅ ባለበት ሰዓትም አይወጣም። ያን ጊዜ ቁራሽ ምግብ በግቢው ውስጥ እዚህም እዚያም ደብቆ ውሻው አሽትቶ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል። ድካሙ ለሳምንታት ካልለቀቀ ግን ጉዳዩ የተነሳሽነት አይደለም፤ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ውሻው የቤቱ ሁሉ ከሆነ ጉዞውም የቤቱ ሁሉ ይሁን፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚወጣ እሑድ ዕለት ይወሰን።

ከአዳራሹ የቀረበ ጥያቄ

ተማሪ፦ መምህር፣ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ። በእኛ ሰፈር ግን ውሻ ይዤ ስወጣ ልጆች ይሸሻሉ፣ ትልልቆቹም "ሥራ ፈት" ይሉኛል። ከዚያ በኋላ መውጣት ራሱ ያስጠላኛል።

መልስ፦ ይህን በማንሳትሽ አመሰግንሻለሁ፤ እኔ በንግግሬ ዘልዬዋለሁ። ብዙ ጊዜ "ደከመኝ" የምንለው "አፈርሁ" ለማለት ነው። ድካምና እፍረት መድኃኒታቸው የተለያየ ስለ ሆነ ለይተን ማየት አለብን። የልጆቹ ፍርሃት መሠረት አለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ስለዚህ ውሻውን በየዓመቱ አስከትቢው፤ ሰው ባለበት ማሰሪያውን አሳጥረሽ ያዢ፤ የሚፈራ ሰው ስታዪ መንገድ ተሻገሪለት። "ሥራ ፈት" ለሚሉሽ ግን መልስ መስጠት አይጠበቅብሽም። በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ ለጥቂት ሳምንታት ስትወጪ ሰፈሩ ይለምድሻል። በእኔ ሰፈር መጀመሪያ የሸሹት ልጆች ዛሬ "ቡቺ መጣ" እያሉ በር ላይ ይጠብቁናል። በደከመኝ ቀን ከሚያስወጡኝ ምክንያቶች አንዱ አሁን እነሱ ናቸው።

ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ካለ፣ ዛሬ ስትገቡ ሳትቀመጡ በሩን ክፈቱለት።