የመብራቱ ጆሮ ሲሰበር

የፊት መብራትን ከመኪናው አካል ጋር የሚያይዙት «ጆሮ» የሚባሉ ጥቂት የፕላስቲክ ጫፎች ናቸው። ፓራውልቱ በቀላሉ እንኳ ከተገጨ ቀድመው የሚሰበሩት እነሱ ናቸው። አምፖሉ ይበራል፣ ሽፋኑ አልተጫረም፣ ውስጡም ውሃ አልገባም፤ መብራቱ ግን ቦታው ላይ ስለማይረጋ ማታ መንገዱን ትቶ የመጪውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ባለቤቱ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወርዶ ጆሮውን ብቻ ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ሙሉው መብራት ነው።

ብዙ አሽከርካሪ በዚህ ጊዜ ፕላስቲክን ይረግማል። እኔ ግን ጥፋቱ የፕላስቲኩ ነው ብዬ አላምንም። ጥፋቱ ሊሰበር እንደሚችል የታወቀን ትንሽ ክፍል ከውድ ዕቃ ጋር አንድ አድርጎ መሥራትና ለብቻው አለመሸጥ ነው። ይህን ለመረዳት ከቁሱ ጋር በደንብ መተዋወቅ ያስፈልጋል።

ብረቱ ለምን ቀረ?

ፕላስቲክ ወደ መኪና የገባበት በቂ ምክንያት አለው። አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.8 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ፖሊፕሮፒሊን 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ካሻቀበ በኋላ ክብደት መቀነስ ለአምራቾች ትልቅ ጉዳይ ሆነ። የዛሬው ፓራውልት በአብዛኛው ጎማ ነክ ነገር የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ አይዝግም፣ ቀላል ግፊት ሲያገኘው ተጣጥፎ ይመለሳል፣ እግረኛ ቢመታም ከብረቱ ይልቅ ይራራል።

ሁለተኛው ምክንያት አሠራሩ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲገባ ቀዳዳው፣ መደገፊያው፣ መንጠቆው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ ይወጣል። የፋብሪካው ሠራተኛ ብሎን ሳያጠብቅ ክፍሉን በእጁ ገፋ ያደርገዋል፤ «ቀጭ» ብሎ ይገባል። በቀን ብዙ መኪና ለሚገጥም ፋብሪካ ከዚህ የተረፈችው እያንዳንዷ ሰከንድ ገንዘብ ናት።

ለመግባት ቀላል፣ ለመውጣት ከባድ

ያ «ቀጭ» የሚለው መንጠቆ ቀጭን ምላስና ጫፉ ላይ ያለ ጥርስ ነው። የጥርሱ የፊት ገጽ ዘመም ያለ ስለሆነ ሲገፋ ምላሱ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ ቀዳዳውን ሲያልፍ ተመልሶ ይቃናል። የኋላ ገጹ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ሲሳብ ከመታጠፍ ይልቅ ይነክሳል። ኃይሉ በሙሉ የሚያርፈው ምላሱ ከዋናው አካል በሚነሳበት ሥር ላይ ነው፤ የሚሰበረውም እዚያው ነው። ብዙዎቹ መንጠቆዎች የተነደፉት ለመግጠም እንጂ ለመፍታት ስላልሆነ፣ በር ውስጥ ያለን የመስኮት ሞተር ለማየት የበሩን ሽፋን የሚያነሳ መካኒክ ምንም ቢጠነቀቅ አንድ ሁለት ክሊፕ ሊሰበርበት ይችላል።

በዚህ ላይ ዕድሜ ይጨመራል። ሙቀትና ኦክስጅን የፕላስቲኩን ረጃጅም ሞለኪውሎች እየቆራረጡ ያሳጥሯቸዋል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም እንዲሁ። ብዙ ክሊፖች የሚሠሩበት ናይለን ደግሞ ተለዋዋጭነቱን በከፊል የሚያገኘው ከአየር ከሚስበው እርጥበት ነው። እርጥበቱን ሲያጣ፣ ትኩስ ሳለ የሚታጠፍ እንጀራ ድርቆሽ ሲሆን እንደሚሰባበር ይሰበራል።

ራዲያተርና መብራት

የድሮው ራዲያተር ከመዳብና ከናስ የተሠራ ነበር፤ ሲያፈስ ባለሙያው በይዶት ይመልሰዋል። የዛሬው መሐሉ አሉሚኒየም፣ ሁለቱ ዳር ጋኖቹ ደግሞ የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን ናቸው። ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የኖረ ጋን ይሰነጠቃል፤ ብየዳም በደንብ አይቀበልም። ስንጥቁ ውሃ ከማፍሰሱም በላይ ግፊቱን ያስወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ግፊቱን ካጣ ሞተሩ ቶሎ ይግላል፣ ቀጥሎ የሚጎዳው ቴስታታው ነው።

በዋሺንግተን ዲሲ ታክሲ የነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2001 በወጡ ብዙ ሞዴሎቹ የ4.6 ሊትሩ ሞተር የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ነበር። ከፊት በኩል የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያሻግረው መስመርም ፕላስቲክ ስለነበር እየተሰነጠቀ ሞተሩን ያግል ጀመር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኋላ የወጣው ምትክ ማኒፎልድ ውሃ የሚያልፍበት ክፍሉ ብቻ አሉሚኒየም ሆነ፤ የቀረው ፕላስቲክ እንደነበረ ቀጠለ። ፕላስቲክ የት እንደሚበቃና የት እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

የፊት መብራት ሽፋንም የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ መስታወት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1984 ሞዴሉ ሊንከን ማርክ ሰባት አዲሱን ዓይነት መብራት ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ፖሊካርቦኔት ቦታውን ወሰደ። ፖሊካርቦኔት ድንጋይ ቢመታው አይበታተንም፤ ፀሐይ ግን ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ፋብሪካው በመከላከያ ይቀባዋል። ሽፋኑ የደበዘዘበት ሰው በአሸዋ ወረቀት ካስፋቀው በኋላ አዲስ መከላከያ ካላስቀባው፣ የደጋው ብርቱ ፀሐይ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ያደበዝዘዋል።

በእጃችን ያለው

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አሁን የምንነዳቸው ቪትዝና ኮሮላዎች ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። ሞተራቸው ይህን ሊሸከም ይችላል፤ ክሊፖቻቸው ግን አርጅተዋል። ስለዚህ ፕላስቲክን መፍታትና መጠገን እንደ ሙሉ ሙያ ሊከበር ይገባል።

የበር ሽፋን ወይም ክሩስኮት ከመነሳቱ በፊት ፕላስቲኩ ሞቅ ቢል ይመረጣል፤ የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። በካቻቢቴ ፋንታ ሰፊ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ተይዞ፣ ክሊፑ ባለበት ሥር ገብቶ መሳብ ነው፤ ሽፋኑን ጠርዙን ይዞ መጎተት ክሊፕም ሽፋንም ይሰብራል። አዲስ የናይለን ክሊፕ ከደረቀ ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ያለሰልሰዋል።

ሲሰበር ደግሞ ከጀርባው የተቀረጸውን ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል «ፒፒ» ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ተራ ማጣበቂያ አይዘውም፣ በዚያው ዓይነት ዘንግ በሙቀት መበየድ አለበት። «ኤቢኤስ» ካለ በአሴቶን ለስልሶ ይጣበቃል። ቀጭን የብረት ወንፊት በጋለ ካውያ ስንጥቁ ውስጥ ሲቀበር ጥገናው ይጠነክራል። የተሰነጠቀ የራዲያተር ጋን ግን ሙቀትና ግፊት ስላለበት በማጣበቂያ ሊታመን አይገባም፤ ይቀየር።

ባለሙያው የቻለውን ቢያደርግም የአምራቹን ድርሻ ሊሸፍን አይችልም። ቮልስዋገንና ቶዮታን ጨምሮ አንዳንድ አምራቾች ለአንዳንድ ሞዴሎቻቸው በብሎን የሚታሰር ምትክ የመብራት ጆሮ ለብቻው ይሸጣሉ። ለአንዱ ሞዴል ከተቻለ ለሌላውም ይቻላል። አሁን በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ያረጁ አይደሉም፤ ክሊፖቻቸውና የመብራት ጆሮዎቻቸው ግን እንደሌሎቹ ይሰበራሉ። አስመጪው መኪናውን ሲያመጣ እነዚህን ትናንሽ ክፍሎችም አብሮ ሊያመጣ ይገባል፤ ገዢም ውል ከመፈረሙ በፊት ስለ ባትሪው እንደሚጠይቀው ሁሉ «ጆሮው ለብቻው ይገኛል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ በየሽያጭ ክፍሉ ከተደጋገመ መልሱም መምጣቱ አይቀርም።