ርካሹን ቢራ የመረጡ የቢራ አዋቂዎች

የንግድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የዕቃ ዋጋ ሲረክስ ገዢው ይበዛል፤ የዕቃው ክብር ግን ይቀንሳል። ይህ ነገር በብዙ ዓይነት ሸቀጥ ተፈትኖ የታየ ስለሆነ የሚከራከርበት ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በዩናይትድ ስቴትስ የቢራ ገበያ ከዚህ ልማድ የወጣ ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ሲታይ ቆይቷል፤ ይኸውም ቢራን በማጣጣም የታወቁ፥ ለአንድ ጠርሙስ ከፍ ያለ ዋጋ ለመክፈል የማይሳሱ ሰዎች፥ ከገበያው ሁሉ የረከሰውን ቢራ ወድደው መጠጣታቸው ነው።

እኔም ጉዳዩን ልብ ያልሁት በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከኦሪገን ለመጡ አንድ ቡና ገዢ ባደረገው የምሳ ግብዣ ላይ ነው። እንግዳው ስለ ቤልጅግ ገዳማት ቢራና ስለ ጀርመን ብቅል በሰፊው ሲያስረዱ ወጡ ቀዘቀዘ። አሠሪዬም በትሕትና፥ «ለመሆኑ በቤትዎ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገኘው የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው፥ እንግዳው የጠቀሱት በቆርቆሮ የሚሸጠውን ፓብስት ብሉ ሪበንን ሆነ። አሠሪዬ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እንግዳው ግን አልቀለዱም።

አንባብያን ነገሩን በሚገባ እንዲመለከቱት የዚህን ቢራ አሠራር ባጭሩ እንገልጻለን፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት እርሾው በቀዝቃዛ ስፍራ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ተደርጎ፥ ከዚያም ወደ ዜሮ ዲግሪ በቀረበ ቅዝቃዜ ለሳምንታት የሚቀመጥ ነው፤ ስሙም በጀርመንኛ ከማከማቸት የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ጀርመናውያን ጠማቂዎች ይህን ሙያ ይዘው ቢሄዱም፥ በዚያ ያገኙት ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ፕሮቲን የሚበዛበት ስለሆነ ቢራው እየደፈረሰ አስቸገራቸው። ስለዚህ በቆሎ ወይም ሩዝ ቢጨምሩበት መጠጡ ጠራ፥ ቀለለም። እህሉ የገባው ወጪ ለመቆጠብ ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ መነሻው ግን ድፍርስነቱ ነበረ። በዛሬው የአሜሪካ ላገር ውስጥ የበቆሎው ወይም የሩዙ ድርሻ እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሆፕስ የሚባለው የቢራ ጌሾ የሚሰጠው ምሬትም፥ በጠማቂዎች መለኪያ ሲቈጠር፥ ከ8 እስከ 18 ገደማ ነው፤ የቢራ ወዳጆች በውድ የሚገዙት አይ.ፒ.ኤ. የተባለው ቢራ ግን ከ40 እስከ 70 ይደርሳል። በጌሾ የበረታ ጠላ ለለመደ አንደበት የአሜሪካኑ ላገር ውሃ ቢመስለው አያስወቅስም።

መጠጥ የተከለከለበት ዘመን፥ ማለትም ከ1920 እስከ 1933 ያለው ጊዜ፥ አያሌ ጠማቂዎችን ከሥራ አስወጣ። ከዚያም በኋላ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን እየገዙና እያሸነፉ ስለሄዱ፥ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ ሰፊ አገር የቀሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከ100 በታች ነበሩ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በቤት ውስጥ ለራስ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅደውን ሕግ ከፈረሙ በኋላ ግን አዲስ ትውልድ ተነሣ፤ ዛሬ የፋብሪካዎቹ ቍጥር ከ9,000 በላይ ነው። ይህ ትውልድ በመጀመሪያ የትልልቆቹን ቢራ አጥብቆ ናቀ። መናቁም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በየመደብሩ የሚገኘው ቢራ ሁሉ አንድ ጣዕም ሆኖ ነበርና።

ታዲያ የናቁትን መልሰው ያነሡበት ምክንያት ምንድን ነው? አንደኛውን ያስተማራቸው የገዛ እጃቸው ይመስለኛል። ጠንካራ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ስሕተት ቢሠራ ምሬቱና የተቈላው ብቅል ይሸፍኑለታል። በቀላሉ ላገር ውስጥ ግን መሸፈኛ የለም፤ የቅቤ ሽታ ቢገባበት፥ ወይም የጥሬ ፖም ሽታ ቢቀርበት፥ መጀመሪያ እንደ ተቀዳ ይታወቃል። በቤቱ ሊጠምቀው ሞክሮ ያልሆነለት ሰው፥ በሚልዮን በሚቈጠር ቆርቆሮ ውስጥ በየከተማው አንድ ዓይነት ጣዕም የሚያወጣውን ፋብሪካ ከዚያ በኋላ በቀድሞው ዓይን ሊያየው አይችልም። በቢራ ውድድሮችም ለዚህ ላገር ራሱን የቻለ ምድብ ተሰጥቶታል፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ሜዳሊያ ወስደውበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ድካም ነው። በየጠርሙሱ ፊት ተቀምጦ ማሽተት፥ ማጣጣምና አስተያየት መስጠት ሥራ ይሆናል። ርካሹ ቢራ ግን አስተያየት አይጠይቅም፤ ጥሙ ይቈረጣል፥ ጨዋታውም ይቀጥላል። በአንድ ውድ ጠርሙስ ዋጋ ጓደኞችን መጋበዝ መቻሉም እንደ ትንሽ ነገር አይቈጠርም።

የጠማቂዎቹም ማኅበር ሐሳቡን ለወጠ። ብሩወርስ አሶሲዬሽን የተባለው ማኅበር በ2012 ከአነስተኛ ጠማቂዎች ቍጥር የማይገቡትን በዝርዝር ባወጣ ጊዜ፥ በሚኔሶታ የሚገኘውና ከ1860 ጀምሮ በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ያለው ኦገስት ሼል፥ በቆሎ በመጠቀሙ ምክንያት በዝርዝሩ ገባ። የፋብሪካው ሰዎችም በቆሎ የአያቶቻችን ሙያ እንጂ የማጭበርበሪያ መንገድ አይደለም በማለት በግልጽ ደብዳቤ ተቃወሙ። ማኅበሩም በ2014 ደንቡን አሻሽሎ ተቀበላቸው። እንደ እኔ አስተያየት ንግግሩ ከሼል ወገን የቀና ነበር።

ስለ ሽያጩ ግን ከሁሉ የሚያስገርመው የፓብስት ታሪክ ነው። ድርጅቱ በ1844 በሚልዋኪ ከተማ ተቋቋመ፤ ከ1882 ጀምሮ በጠርሙሱ አንገት ላይ ያስር የነበረው ሰማያዊ የሐር ጥብጣብ ኋላ የንግድ ስሙ ሆነ። በ1977 18 ሚሊዮን በርሜል ያህል ሸጠ፤ በርሜሉም 117 ሊትር ገደማ ነው። በ2001 ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በታች ወረደ። የሚልዋኪውም ፋብሪካ በ1996 ተዘግቶ ሠራተኞቹ ተበተኑ።

ቢራው ሊሞት ነው በተባለበት ጊዜ በፖርትላንድ ከተማ በብስክሌት መልእክት የሚያመላልሱና ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶች ይጠጡት ጀመር። ወጣቶቹ የወደዱት ርካሽ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፥ ግዙኝ ብሎ ስለማይጮኽባቸው ነበር። ድርጅቱም ይህን በማስተዋሉ በታላላቅ ማስታወቂያዎች ገንዘብ ከማፍሰስ ተቈጠበ፤ በየሰፈሩ ያሉትን ትንንሽ ውድድሮችና ትርኢቶች በጥቂቱ እየረዳ ዝም አለ። ሽያጩም ማንሠራራት ጀመረ። በአንጻሩ የበድዋይዘር ባለቤቶች በ2015 በታላቁ የእግር ኳስ ጨዋታ ቀን የዱባና የኮክ ቢራ የሚያጣጥሙትን አዋቂዎች በቴሌቪዥን አላገጡባቸው፤ ነገር ግን የዚያኑ ዓይነት ቢራ የሚጠምቀውን ኤሊሲያን የተባለ ፋብሪካ ሊገዙ የተስማሙት ከጥቂት ቀናት በፊት ነበርና መልሰው ተሣቀባቸው።

ይሁን እንጂ የፓብስት ደንበኞችም ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከትልልቅ ድርጅቶች እሸሻለሁ ብሎ ያን ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው የሚጠጣው፥ ከ1999 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት፥ የትልቁ የሚለር ፋብሪካ በውል የጠመቀውን ነበር። ስሙና ጥብጣቡ የፓብስት፥ ጋኑ ግን የሌላ ሰው! ውሉ በ2020 የሚያልቅ ስለሆነ ሚለርኩርስ ከዚያ በኋላ ለእናንተ የሚተርፍ የመጥመቂያ አቅም የለኝም ቢል፥ ፓብስት ልታጠፉኝ ነው ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩም በ2018 በዚያው በሚልዋኪ ተሰማ፤ ዳኞቹም ገና ሲመካከሩ ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። ፍርዱን ሳይጠብቁ መታረቃቸው የሁለቱንም ሥጋት የሚያሳይ ይመስለኛል። ፋብሪካ የሌለው ነጋዴ የደንበኛን ፍቅር ቢያገኝ እንኳ፥ በየአሥርና በየሃያው ዓመት ከአንድ ጠማቂ ደጅ መቆም ግድ ይሆንበታል፤ በዕቃ አምራች ስም የወኪልነት ውል የያዙ የምክር ቤታችን አባሎች ይህን ያውቁታል።

በአገራችንም በ2019 በወጣው አዋጅ የአልኮል መጠጥን በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ስለ ተከለከለ፥ ሳይጮኹ መሸጥ የቢራ ፋብሪካዎቻችንም ጥያቄ ሆኗል። አሠሪዬ ነገሩን ለእንግዳቸው ሲያጫውቱ፥ እንግዳው የሰሙ አልመሰሉም፤ አስተናጋጁን ጠርተው ሁለተኛ ጊዮርጊስ አዘዙ። ስለ ጣዕሙም አንድ ቃል አልተናገሩም። ሂሳቡን የከፈሉት አሠሪዬ ናቸው።