የዳኛው ቀጣሪ ማን ነው?

በእግር ኳስ ሰፈር የግብር ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣልን ሊዮኔል ሜሲ ነው። በ2016 (ዘመኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ የእኛው ሲሆን እነግራችኋለሁ) የባርሴሎና ፍርድ ቤት 4.1 ሚሊዮን ዩሮ ግብር አጭበርብሯል ብሎ የ21 ወር እስራት ሲፈርድበት የሪያል ደጋፊዎች ሳቃቸው ሌላ ነበር። በ2019 ደግሞ ተራው የክርስቲያኖ ሮናልዶ ሆነና 18.8 ሚሊዮን ዩሮ ሊከፍል ተስማማ፤ ሳቁም ሰፈር ቀየረ። ሁለቱም እስር ቤት አልገቡም። እነሱ መቼም ጠበቃውም ሂሳብ ሠራተኛውም ሞልቷቸዋል፣ ለእርጅናቸውም የሚያሰጋቸው ነገር የለም።

የዛሬው ባለጉዳይ እነሱ አይደሉም። ሜዳ ላይ ከሚሮጡት 23 ሰዎች መካከል ማንም ማልያውን የማይገዛለት ሰውዬ ነው። ዳኛው።

በእንግሊዝ ሁለት ዓይነት ዳኛ አለ። አንደኛው ቅዳሜ ቅዳሜ በዲኤስቲቪ ስንሰድበው የምንውለው የፕሪሚየር ሊጉ ዳኛ ነው። ይሄኛው ፒጂኤምኦኤል በሚባለው፣ በ2001 በተቋቋመው የዳኞች ድርጅት በቋሚነት ተቀጥሮ ደመወዝ ይበላል። ሁለተኛው በሊግ ዋንና በሊግ ቱ የሚያፏጨው፣ አልፎ አልፎም በትልቁ ሊግ አራተኛ ዳኛ ሆኖ ቦርድ የሚያነሳው ነው። የዚህኛው እንጀራ ሌላ ቦታ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሌላ ሥራው ላይ ይውላል፤ ቅዳሜ ፊሽካውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚከፈለው በጨዋታ ነው።

ይሄ ድሮ የሁሉም ዳኛ ኑሮ ነበር። በ1994 በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ የቼልሲን ሰዎች ያቃጠለው ዴቪድ ኤለሬይ አስተማሪ ነበር። የ2010ሩን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የመራው ሃዋርድ ዌብ ፖሊስ ነበር፤ ማርክ ክላተንበርግ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን። መላጣው ፒየርሉዊጂ ኮሊና ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሥራው ሰዎችን ስለ ገንዘባቸው ማማከር ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በሁለተኛው ዓይነት ዳኛ ነው። የእንግሊዝ የግብር መሥሪያ ቤት የ2014/15 እና የ2015/16ን ሂሳብ አገላበጠና ፒጂኤምኦኤልን «እነዚህ 60 ያህል ዳኞች ሠራተኞችህ ናቸው፤ ግብራቸውን ከክፍያቸው ቆርጠህ ማስገባት ነበረብህ» አለው። የጠየቀው ገንዘብ 584 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው። ፒጂኤምኦኤል በበኩሉ «የለም፣ እነሱ በግላቸው የሚሠሩ ናቸው፣ ግብራቸውን ራሳቸው ያስታውቁ» ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

ለአንዲት ቃል ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ቃሏ ገንዘብ መሆኗ ነው። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ተቀጣሪ የሆነ ሰው ከገቢ ግብሩ ሌላ ብሔራዊ ኢንሹራንስ ለሚባለው 12 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ቀጣሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 13.8 በመቶ ይጨምራል። በግሉ የሚሠራው ግን 9 በመቶ ብቻ ይከፍላል፤ ከላዩ የሚጨምርለት ቀጣሪም የለም። ስለዚህ «ሠራተኛ አይደለም» ሲባል የሚያተርፈው በመጀመሪያ ደረጃ ከፋዩ ድርጅት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ክርክሩ ደስ ይላል፣ የሕግ ሳይሆን የኳስ ይመስላል። ለቅዳሜው ጨዋታ ምድቡ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ በኮምፒውተር ይመጣል። ዳኛው «አልችልም» ማለት ይችላል። እሺ ካለ በኋላም ልጄ ታመመ፣ ሥራ ያዘኝ ብሎ ቢቀር አይቀጣም። ድርጅቱም ቢሆን ምድቡን መሰረዝ ይችላል። ታዲያ ይሄ ምኑ ቅጥር ነው? አሉ የፒጂኤምኦኤል ጠበቆች። ደግሞስ ጨዋታው አንዴ ከተጀመረ «ይሄ ፔናሊቲ ነው፣ ይሄ አይደለም» ብሎ ዳኛውን የሚያዝዝ አለቃ የት አለ?

በ2018 የመጀመሪያው የግብር ችሎት ለፒጂኤምኦኤል ፈረደ፤ በ2020 ከፍ ያለው ችሎትም ደገመው። ሁለት ለዜሮ! ከዚያ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለግብር ሰዎቹ አንድ አገባላቸው። መስከረም 2024 ላይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፒጂኤምኦኤልን ይግባኝ ውድቅ አደረገው፤ ሁለት ለሁለት። ዳኞቹ (የፍርድ ቤቶቹ ማለቴ ነው) ያሉት በአጭሩ ይሄ ነው፦ እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው ውል ነው፤ ከጨዋታው በፊት መሰረዝ ይቻላል ማለት ባልተሰረዘው ውል ውስጥ ግዴታ የለም ማለት አይደለም። ሜዳ ገብቶ የሚያዝ አለቃ ባይኖርም የሥነ ምግባር ደንብ አለ፣ የአካል ብቃት መመሪያ አለ፣ ከጨዋታው በኋላ ሪፖርት አለ፣ ያጠፋም ምድብ ይከለከላል። ስለዚህ የቅጥር ሁለቱ መሠረቶች ተሟልተዋል። የቀረውን አጠቃላይ ሁኔታ አይቶ የመጨረሻውን እንዲወስን ደግሞ መዝገቡን ወደ መጀመሪያው ችሎት መለሱት። በነገራችን ላይ በዚያው የውድድር ዓመት ኤፍኤ ካፕ ሪፕሌይ የሚባለውን ከዋናው ውድድር አስቀርቶ ነበር። ፍርድ ቤት ግን አላስቀረም።

አሁን ወደ ዳኛው ኪስ እንግባ። ተቀጣሪ ከሆነ ግብሩ ሳያየው ይቆረጣል፣ የሚደርሰው የተጣራው ነው። በግሉ የሚሠራ ከሆነ ግን ሙሉው ይደርሰዋል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ ከ12,570 ፓውንድ በታች የሆነ ዓመታዊ ገቢ ግብር የለበትም፤ ግን ዳኛው አስተማሪ ከሆነ ያቺን ነፃ ገንዘብ የአስተማሪነት ደመወዙ በልቷታል። ስለዚህ የፊሽካው ገቢ ወጪው ከተቀነሰለት በኋላ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ 20 በመቶ ይነካዋል። በዓመት 10,000 ፓውንድ ከጨዋታ ቢተርፈው 2,000ው የእሱ አይደለም ማለት ነው። ባንክ ደብተሩ ላይ ግን 10,000 ነው የሚለው። ሰው መቼም ያየውን ገንዘብ የራሱ ይመስለዋል።

ምንም ቋሚ ሥራ የሌለውና ሙሉ በሙሉ በግሉ የሚሠራውማ የባሰ ነው። እስቲ ከሜዳው ጠርዝ ተቀምጦ ፎቶ የሚያነሳውን ውሰዱ። በመጀመሪያ ዓመቱ 30,000 ፓውንድ ቢያተርፍ የገቢ ግብሩ 3,486፣ አሁን 6 በመቶ የሆነው ኢንሹራንሱ 1,046 ገደማ፣ ድምሩ 4,532 ይሆናል። ጃንዋሪ 31 መክፈያው ቀን ሲደርስ ግን 4,532 አምጣ አይባልም። የሚቀጥለውን ዓመት ግማሽ በቅድሚያ ጨምር ይባላል፤ 6,798! ሐምሌ ላይ ደግሞ ሌላ 2,266። ይሄን ቀድሞ ያልሰማ ሰው የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ገንዘብ ፍለጋ እንደሚሯሯጥ ክለብ ይሆናል። ማስታወቂያውን ሳያስገባ ቀኑ ካለፈ ደግሞ የ100 ፓውንድ ቅጣት ወዲያው ይመዘዝበታል፣ እንደ ቢጫ ካርድ።

ስለዚህ የገባቸው ሰዎች የሚያደርጉት ቀላል ነገር ነው። ክፍያው በገባበት ዕለት፣ ቢራ ሳይጠጣበት፣ ሩቡን ወይም ሲሶውን ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ ያዞራሉ። የጫማ፣ የፊሽካ፣ የመንገድ ደረሰኝ አይጥሉም፤ በግል ለሚሠራ ሰው ለሥራው ብቻ ያወጣው ወጪ ከትርፉ ይቀነስለታልና። በግል የመሥራት አንዱ ጥቅምም እሱ ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም።

ጡረታው ላይ ስንመጣ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። እንግሊዞች ከ2012 ጀምሮ ቀጣሪ ሁሉ ሠራተኛውን ሳይጠይቅ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ እንዲያስገባ በሕግ አስገድደዋል። ከ2019 ወዲህ ትንሹ መዋጮ 8 በመቶ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 3ቱ ከቀጣሪው ይመጣል። በግሉ የሚሠራውን ማንም አያስገባውም፣ ማንም 3 አይጨምርለትም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይሄ ነው። «ሠራተኛ አይደለህም» የምትለዋ ቃል የዛሬን ብቻ ሳይሆን የዛሬ 30 ዓመትን ገንዘብ ነው የምትነካው። በእርግጥ ለዳኞቹ የፍርድ ቤቱ ነገር ሁሉን አይፈታም። ክርክሩ የግብር ነው፤ የጡረታው ሕግ ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚሠራው ከአንድ ቀጣሪ በዓመት ከ10,000 ፓውንድ በላይ ለሚያገኝ ነው። ጥቂት ጨዋታ ብቻ የሚመራ ዳኛ ተቀጣሪ ነው ቢባልም ራሱ ካልጠየቀ ሊቀርበት ይችላል።

ራሱን ችሎ መቆጠብ ለሚፈልገው ግን መንግሥት ጭራሽ አልረሳውም። የግል ጡረታ ሂሳብ ከፍቶ 80 ፓውንድ ቢያስገባ መንግሥት 20 ጨምሮ መቶ ያደርግለታል። ያ 10,000 ያተረፈው ዳኛችን ልክ እንደ ተቀጣሪ 8 በመቶ ላስቀምጥ ቢል 800 መሆኑ ነው፤ ከኪሱ የሚወጣው 640 ብቻ ነው። ጥሩ ነው። ችግሩ ይሄን ገንዘብ ቶሎ መንካት አይቻልም፤ 55 ዓመት መሙላት አለበት፣ ከሚያዝያ 2028 ጀምሮ ደግሞ 57። ተጫዋቾች እስከ 2006 ድረስ በ35 ዓመታቸው ጡረታቸውን ማንሳት ይችሉ ነበር፣ እግራቸው ቶሎ ስለሚያልቅ። ለዳኛ ጉልበት ግን እንዲህ ተብሎ የታሰበለት ነገር አላየሁም፤ ሩጫው ግን ያው ሩጫ ነው።

ይሄ ነገር የፈረንጅ ዳኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለንደን ውስጥ በኡበር የሚነዱ ዘመዶች ያሏችሁ ታውቁታላችሁ። በየካቲት 2021 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሾፌሮቹ ለራሳቸው የሚሠሩ ነጋዴዎች ሳይሆኑ ሠራተኛ የሚገባው መብት ያላቸው ናቸው ብሎ ሲፈርድ፣ ኩባንያው በወሩ የዕረፍት ክፍያና የጡረታ መዋጮ ሊሰጣቸው ተገደደ። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱት ደግሞ የሠራተኛውንም የቀጣሪውንም ድርሻ ራሳቸው ይሸፍናሉ፣ በድምሩ 15.3 በመቶ፤ የገቢ ግብሩ ከዚያ ውጪ ነው፤ መክፈያውም በዓመት አራት ጊዜ ነው።

እኛስ ጋ? በ2003 ዓ.ም (የእኛው ነው) የወጣውና በ2014 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1268 የተተካው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል፤ መውጫው 60 ዓመት ነው። ፔይሮል ላይ ስሙ ላለ ሰው 18 በመቶ በየወሩ ይጠራቀምለታል ማለት ነው። የእኛ ዳኛ ግን የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ ለፊሽካው ፔይሮል የለውም። ሁለት የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ያፏጨችው ሊዲያ ታፈሰ ፋርማሲስት ነች፤ ሌሎቹም ሌላ ሥራ ያላቸው ጡረታቸው በዚያኛው በኩል ይያዝላቸዋል። ሌላ ሥራ የሌለውስ? ዕቁብ አለኝ ይላል። ዕቁብ ጥሩ ነገር ነው፣ ፍሪጅ ያስገዛል፣ ልጅ ያስመዘግባል፤ ዙሩ ሲደርስ ግን ወጥቶ ያልቃል እንጂ እስከ 60 ዓመት አይቆይም።

ዳኛው ሰባቱን በመቶ እንደምንም ከአበሉ ላይ ይቆጥባል እንበል። ዐሥራ አንዱን የሚያዋጣው ማን ነው? ፌዴሬሽኑ? ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር? ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰድቡት ክለቦች? የእንግሊዞቹ ይሄንኑ ጥያቄ ይዘው አራት ችሎት አዳርሰዋል። የእኛዎቹ ገና ሰኞ ሰኞ ምድባቸውን እየጠበቁ ነው።